በትምህርት ጊዜ ልጅን ለሽርሽር ስለ መውሰድ

ሰው ሁሉ ልጁን ይወዳል፤ የሚወደውንም ልጅ ከዘወትር ሥራው አሳርፎ አገር ሊያሳየው ይመኛል። ይህ ምኞት የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን መልካም ነገር ሁሉ ጊዜ አለው፤ ጊዜውን የሳተ እንደ ሆነ ከጉዳት ይቈጠራል። ዝናም ለእህል ሕይወት ነው፤ በአጨዳ ጊዜ የወረደ እንደ ሆነ ግን ነዶውን ያበሰብሰዋል። እንደዚሁም ከልጅ ጋራ መንገድ መሄድ መልካም ሲሆን፥ ትምህርት ቤት በተከፈተበት ወራት የተደረገ እንደ ሆነ ለዓይን የማይታይ ብዙ ጥፋት አለበት።

ወላጅና ትምህርት ቤት ስለ ልጅ ጊዜ መከራከራቸው ዐዲስ ነገር አይደለም። በፕሩሲያ ንጉሥ ፍሬድሪክ 2ኛ በ1763 ዓ. ም. የባላገር ልጆች ሁሉ እንዲማሩ ሕግ አወጣ፤ እዚህ የተጻፉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። በእንግሊዝ አገር ደግሞ በ1870 ዓ. ም. በየአውራጃው ትምህርት ቤት እንዲቆም ታዘዘ፤ በ1880 ዓ. ም. ከ5 እስከ 10 ዓመት ያለው ልጅ ሁሉ በግድ እንዲማር ተወሰነ። ሕጉ ከወጣ በኋላ ግን በለንደን ከተማ በምሥራቅ ወገን የሚኖሩ ድኾች በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም ከነልጆቻቸው ወደ ኬንት አውራጃ እየወረዱ ሆፕስ የሚባለውን ተክል ይለቅሙ ነበር። ይህም ተክል፥ ጌሾ በኢትዮጵያ ለጠላና ለጠጅ እንደሚገባ፥ በዚያ አገር ለቢራ የሚገባ ነው። ለእነዚያ ድኾች ለቀማው ሥራም ዕረፍትም ነበረ፤ ጥቂት ገንዘብ ያገኙበታል፥ ከከተማውም ጢስ ወጥተው ንጹሕ አየር ይተነፍሱበታል። እነርሱ እስኪመለሱ ድረስ ግን በትምህርት ቤቱ ውስጥ ብዙ መቀመጫ ባዶውን ይቈይ ነበር። ከ1950ዎቹ ዓመታት ወዲህ መኪና ሥራውን እየወሰደው ስለ ሄደ ያ ልማድ ቀረ። ችግር ያስገደደውን ሰው መውቀስ አይገባም። የዛሬው ጥያቄ ግን ስለ እንጀራ ሳይሆን ስለ ደስታ የሚወሰደው ልጅ ነው።

በዚሁ በእንግሊዝ አገር በዚህ ነገር ላይ ትልቅ ሙግት ተደርጓል። ቀድሞ የትምህርት ቤት ሹም ልዩ ምክንያት ሲያይ በዓመት እስከ 10 የትምህርት ቀን ድረስ ለቤተ ሰብ ዕረፍት ፈቃድ ይሰጥ ነበር። ከሴፕቴምበር 2013 ዓ. ም. ዠምሮ ግን ይህ ቃል ከደንቡ ወጥቶ፥ ከልማድ የወጣ ብርቱ ምክንያት ካልተገኘ በቀር ፈቃድ እንዳይሰጥ ተወሰነ። በ2015 ዓ. ም. በዋይት ደሴት የሚኖር አንድ አባት ትንሽ ሴት ልጁን በኤፕሪል ወር በአሜሪካ በፍሎሪዳ አገር ወዳለው የልጆች መጫወቻ ሊወስዳት ፈቃድ ጠየቀ። የትምህርት ቤቱ ሹም ከለከሉት። እርሱ ግን ወሰዳት፤ ልጅቱም 7 የትምህርት ቀን ቀረች። 60 ፓውንድ እንዲከፍል ታዘዘ፤ በጊዜው ስላልከፈለ ቅጣቱ 120 ሆነ፤ ይህንንም ስላልከፈለ ተከሰሰ።

የመጀመሪያዎቹ ዳኞች ነፃ አወጡት። በ2016 ዓ. ም. የበላዩ ፍርድ ቤት ደግሞ ፍርዱን አጸናለት። ምክንያቱም ልጅቱ ከመቶ ቀን ከዘጠና በላይ ትምህርቷን አላስታጐለችምና፥ አዘውትራ ተምራለች ሊባል ይቻላል የሚል ነበር። ኋላም ነገሩ ከሁሉ በላይ ወደሆነው ችሎት ወጣ፤ አምስት ዳኞችም በኤፕሪል 6 ቀን 2017 ዓ. ም. በአንድ ቃል የቀደመውን ፍርድ ሻሩት። ፍርዱን የጻፉት ወይዘሮ ሄል የሚባሉት ዳኛ ናቸው። እርሳቸውም በሕጉ ውስጥ «አዘውትሮ» የሚለውን ቃል በሦስት ፍቺ መረመሩት፤ አንደኛው በየተወሰነ ጊዜ መምጣት ነው፤ ሁለተኛው ብዙ ጊዜ መምጣት ነው፤ ሦስተኛው ትምህርት ቤቱ እንዳወጣው ደንብ መምጣት ነው። ሦስተኛውን መርጠው በእርሱ ፈረዱ። ነገሩም ወደ መጀመሪያው ችሎት ተመልሶ አባትየው በዚያው ዓመት ጥፋተኛ ተባለ።

በዚህ ፍርድ ያዘኑ ወላጆች ብዙ ናቸው። ልጁ የአባቱና የእናቱ ሲሆን መንግሥት በቤት ውስጥ ምን አገባው ብለው ይጠይቃሉ። የዳኞቹ ፍቺ ግን ከቀደመው ፍቺ ይልቅ ለማስተዋል የቀረበ ነው። መቶ ቀን ከብት እንዲጠብቅ የተቀጠረ እረኛ፥ ጌታው ከከለከለው በኋላ ዐሥሩን ቀን ትቶ ቢሄድና «ዘጠናውን ቀን ጠብቄአለሁ» ብሎ ቢመልስ ማን ይቀበለዋል? ጅብ የሚመጣበትን ቀን ማን ያውቃል? ትምህርትም እንዲሁ ነው። ለቀሪው ዕውቀት ሁሉ ቍልፍ የሚሆነው ነገር በየትኛው ቀን እንደሚነገር ልጁም አባቱም አያውቁም።

ይህ እንዲገለጥ የቀድሞውን ትምህርትና የአሁኑን ማመዛዘን ይገባል። በቤተ ክህነት ትምህርት የኔታ በዛፍ ጥላ ወይም በደጀ ሰላም ተቀምጠው ልጆችን አንድ በአንድ እያቀረቡ ያስነብባሉ። አንዱ ፊደል ሲቈጥር፥ ሁለተኛው መልእክተ ዮሐንስ ያነባል፤ ሦስተኛው ዳዊት ይደግማል። ስለዚህ ልጁ ለሠርግ ወይም ለአዝመራ ጥበቃ አንድ ሳምንት ቀርቶ ቢመለስ፥ ትምህርቱ ከተወበት ቃል ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል። ጊዜ ጐደለበት እንጂ ቃል አልጐደለበትም። በዛሬው ትምህርት ቤት ግን ሠላሳ ወይም አርባ ልጆች በአንድ ክፍል ሆነው እንደ ሲራራ ነጋዴ አብረው ይጓዛሉ። ሲራራው ስለ አንድ ሰው ብሎ ሰባት ቀን አይሰፍርም። ሰኞ የክፍልፋይ ቍጥር ምን እንደ ሆነ ይነገራል፤ ማክሰኞ መደመሩ፥ ረቡዕ መቀነሱ፥ ሐሙስ ማባዛቱ ይከተላል። የሰኞውን ያልሰማ ልጅ በሐሙስ ቢመለስ የሚነገረው ነገር ሁሉ የሌላ አገር ቋንቋ ይሆንበታል። በፈተናም ቀን ባልሰማው ነገር ሲጠየቅ፥ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

ጉዳቱም ለቀረው ልጅ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ትምህርት ቤት በዓመት 190 ቀን ይከፈታል፤ ይህም 38 ሳምንት ነው። በአንድ ክፍል 30 ልጆች ቢኖሩና እያንዳንዱ በተለያየ ጊዜ አንድ አንድ ሳምንት ብቻ ቢቀር፥ ከ38ቱ ሳምንት በ30ው አንድ መቀመጫ ባዶ ይሆናል። አስተማሪውም በየሳምንቱ ለአንድ ተመላሽ ልጅ ያለፈውን እንደገና ሊያስረዳ ይገደዳል፤ ሌሎቹ ሃያ ዘጠኙ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ለእያንዳንዱ አባት «አንድ ሳምንት ምን አላት» የሚያሰኘው ነገር ለክፍሉ የዓመት ሸክም ይሆናል። ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው፥ ለአንድ ሰው ግን ሸክሙ ነው እንደሚባለው፥ ሁሉ አንድ አንድ ቢያደርግ ቀላል የሚመስለው ነገር ለአንዱ አስተማሪ ሲሰበሰብ ከባድ ነው።

ሌሎች ደግሞ መንገድ መሄድ ራሱ ትምህርት ነው ይላሉ። ይህም ቃል እውነት ነው። ባሕርን በመጽሐፍ ከማንበብ በዓይን ማየት ይበልጣል፤ የሌላ አገር ሰው እንዴት እንደሚበላና እንዴት ሰላምታ እንደሚሰጥ ያየ ልጅ ከትዕቢት ይርቃል። ነገር ግን የዚህ ክርክር መልስ በቍጥር ውስጥ ይገኛል። ዓመቱ 365 ቀን ነው፤ ከዚህ ውስጥ 190ው የትምህርት ቀን ቢሆን፥ 175ቱ ቀን ለቤተ ሰብ የተተወ ነው። ባሕሩ በነሐሴም አለ፤ ተራራውም ትምህርት ቤት እስኪዘጋ ድረስ ከስፍራው አይሄድም። መንገድ ትምህርት መሆኑ ከሁለቱ ትምህርት አንዱ ሌላውን እንዲያፈርስ ፈቃድ አይሰጥም።

ከወላጆች አቤቱታ ሁሉ እውነተኛው የዋጋ ነገር ነው። ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ወራት የአይሮፕላንና የማደሪያ ዋጋ ይጨምራል፤ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለሚነሣ ሻጮቹ ዋጋውን ከፍ ያደርጉታልና። ብዙ ልጆች ያሉት ደመወዙም ትንሽ የሆነ ሰው በዚያ ዋጋ ሊሄድ አይችልም። ትምህርት ቤት ሳይዘጋ ቢሄድ ደግሞ ይቀጣል። ሀብታሙ ግን በሁለቱም መንገድ ይሄዳል። ከኦገስት 2024 ዓ. ም. ወዲህ በእንግሊዝ አገር ቅጣቱ በ21 ቀን ውስጥ ለሚከፍል 80 ፓውንድ ነው፤ ለሚዘገይ 160 ይሆናል። ይህም ስለ እያንዳንዱ ልጅ ለእያንዳንዱ ወላጅ የሚቈጠር ስለሆነ፥ አባትና እናት ስለ ሁለት ልጆች 320 ፓውንድ ይከፍላሉ። በርካሹ ወራት በመሄድ የሚተርፈው ገንዘብ ከዚህ የበለጠ የሆነ እንደ ሆነ፥ አንዳንዱ ሰው ቅጣቱን እንደ መንገድ ኪሳራ ቈጥሮ ይከፍለውና ይሄዳል። ቅጣት ዋጋ ከሆነ ደግሞ መገሠጽ ቀርቶ መገበያየት ሆነ።

ስለዚህ ወላጅን መገሠጽ ብቻውን አይበቃም፤ መንግሥትም የራሱን ድርሻ ሊሠራ ይገባዋል። በጀርመን የየአውራጃው የበጋ ዕረፍት በየተራ ይዘጋል እንጂ አገሩ ሁሉ በአንድ ቀን አይነሣም። በፈረንሳይም አገሩን በሦስት ክፍል ከፍለው የክረምቱንና የጸደዩን ዕረፍት በተለያየ ሳምንት ይሰጣሉ። እንዲህ ያለው ሥርዐት መንገዱንም ገበያውንም ያሳርፋል። በግንቦት ወር 2018 ዓ. ም. በባቫሪያ አገር የበዓለ ሃምሳ ዕረፍት ሳይደርስ ልጆቻቸውን ይዘው በአይሮፕላን ሊሄዱ የነበሩ ቤተ ሰቦችን ፖሊሶች በአይሮፕላን ጣቢያ መርምረዋቸዋል። ሕጉ ትክክል ቢሆንም፥ ልጅ በፊቱ አባቱ በፖሊስ ሲጠየቅ ማየቱ መልካም ትምህርት አይደለም። ወደዚያ ሳይደርሱ በብልሃትና በምክር ማቃናት ይሻላል።

ከዋጋው ይልቅ የሚያስፈራ ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም ሐሰት ነው። የዋይት ደሴቱ አባት አንድ የሚመሰገንበት ነገር አለው፤ ወዴት እንደሚሄድ ገልጦ ፈቃድ ጠየቀ እንጂ ልጄ ታመመች አላለም። ብዙ ሰዎች ግን ፈቃድ መከልከሉን ስለሚያውቁ፥ «ልጃችን አተኵሶታል» ብለው ለትምህርት ቤቱ ይልካሉ። ልጁንም በመንገድ ሳሉ «አስተማሪህ ቢጠይቅህ አሞኝ ነበር በል» ብለው ያስጠኑታል። ልጁም ፊቱ በፀሐይ ጠቍሮ ተመልሶ በጓደኞቹ ፊት ቆሞ የተማረውን ቃል ይናገራል። ያ ልጅ በሰባት ቀን ውስጥ ያጣው ሒሳብ በሰባት ቀን ሊመለስለት ይቻላል። በዚያች በአንዲት ደቂቃ የተማረው ግን በቶሎ አይለቀውም፤ ደንብ በሐሰት እንደሚታለፍ፥ አስተማሪውም ሊታለል የሚገባው ሰው እንደ ሆነ፥ ይህንንም የሚያስተምሩት አባትና እናት መሆናቸውን ተምሯልና። ኋላ ዐሥራ አምስት ዓመት ሲሞላው ከቤት ወጥቶ ወዴት እንደ ዋለ ሲጠየቅ ለአባቱ ለራሱ ሐሰት ቢናገር፥ አባቱ ከማን ተማረው ብሎ ይደንቀው ይሆናል። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉት፥ በራሷ አሳጠረች አለ እንደሚባለው፥ በልጁ ፊት እውነትን የሚያቃልል ወላጅ የሚያሳጥረው የራሱን ገመድ ነው።

ይህ ነገር በውጭ አገር ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ይበልጥ ይከብዳል። በእንግሊዝና በአሜሪካ ያሉ ትምህርት ቤቶች የፈረንጆች ልደትና ዐዲስ ዓመት ካለፈ በኋላ በጃንዩዌሪ መጀመሪያ ይከፈታሉ። የኢትዮጵያ ልደት ግን በጃንዩዌሪ 7 ቀን ይውላል፤ ጥምቀትም ብዙውን ጊዜ በ19 ቀን ነው። ሁለቱንም በዓል በአገሩ ሊያከብር የሚሻ ቤተ ሰብ ልጁን ወደ ሁለት ሳምንት ያህል ከትምህርት ያስቀረዋል። የወላጆቹ ምኞት ቀላል ምኞት አይደለም። ልጃቸው ታቦት ወርዶ በጥምቀተ ባሕር ሲያድር እንዲያይ፥ ዘመዱን እንዲያውቅ፥ ቋንቋውን እንዲሰማ ይሻሉ። አያቲቱም በሸመገለ ድምፅ «ለዘንድሮ ጥምቀት ካላየኋቸው ለከርሞ አልደርስም» ብላ ስትልክ፥ ይህን ቃል ሰምቶ ዝም የሚል ልብ ጥቂት ነው።

ነገር ግን ሌላ መንገድ እንዳለ ብዙዎች አያስተውሉም። በሐምሌ መጨረሻና በነሐሴ የኢትዮጵያ ትምህርት ቤት ዝግ ነው፤ የውጭ አገሩም በብዙ ስፍራ እንዲሁ ነው። ዝናሙና ጭቃው ሰውን ያሰንፈዋል፤ ቢሆንም በዚያ ወራት የአጎትና የአክስት ልጆች ሁሉ ከትምህርት ዐርፈው በቤት ይገኛሉ። በጥር የመጣ ልጅ ዘመዶቹን ከበዓሉ ቀን በቀር ጧት ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ያያቸዋል፤ በነሐሴ የመጣ ልጅ ግን ከእነርሱ ጋራ ይውላል፥ ቋንቋውንም በጨዋታ ይለምዳል። ነሐሴ 13 ቀን የቡሄ ዕለት ከእኩዮቹ ጋራ በየደጁ እየጨፈረ ሙልሙል ይቀበላል። አያቲቱም ልጆቹን በእንግድነት ለጥቂት ቀን ሳይሆን እሳት ዳር አስቀምጣ በዝናሙ ድምፅ ተረት እየነገረች ታያቸዋለች። ጥምቀትን ማየት የሚገባ ቢሆንም፥ በየዓመቱ ሊሆን አያስፈልገውም፤ አንድ ጊዜ ታስቦ፥ ለትምህርት ቤቱም እውነቱ ተነግሮ፥ ፈቃድ ተጠይቆ ሊደረግ ይቻላል።

ከዚህ ላይ ትምህርት ቤቶችም ሊሰሙት የሚገባ ነገር አለ። ሽርሽርና ኀዘን አንድ አይደሉም። ሞት ቀጠሮ አያከብርም፤ ሕመምም የትምህርት ቤት መዝጊያ ቀን እስኪደርስ አይጠብቅም። አባቱ እናቱን ሊቀብር ሲሄድ ተከትሎ የሚሄድ ልጅ፥ የመጨረሻ ምርቃት ሊቀበል ወደ አልጋ አጠገብ የሚጠራ ልጅ፥ ትምህርቱን ንቆ አልሄደም። የእንግሊዝም ደንብ ብርቱ ምክንያት ለተገኘበት ሰው በሩን ክፍት ትቶለታል፤ የሚመዝነውም የትምህርት ቤቱ ሹም ነው። እንግዲህ ሹም የሆነ ሰው በዚህ በር ቆሞ ሁሉን በአንድ ቃል የሚመልስ የሆነ እንደ ሆነ፥ እውነተኛውን ሰው ወደ ሐሰት ይገፋዋል። እውነት የተናገረ ሰው ተከልክሎ ሐሰተኛው ሳይታወቅ ሲሄድ ያየ ሁሉ ከሁለቱ የትኛውን እንደሚመስል የታወቀ ነው። ፈቃድ የሰጠውም ልጅ ባዶ እጁን እንዳይሄድ፥ የሚማርበትን ገጽ ቈጥሮ ቢሰጠው፥ ሲመለስም አንድ ጓደኛ ደብተሩን እንዲያውሰው ቢያዝ፥ ጉዳቱን በብዙ ያቀለዋል።

ወላጅ ልጁን በትምህርት ቤት ሲያስገባ ከብዙ ሰዎች ጋራ ቃል ኪዳን ይገባል፤ ከአስተማሪው ጋራ፥ በአንድ ወንበር አብረው ከሚቀመጡት ልጆች ጋራ፥ እንደ እርሱ ልባቸው መንገድ እየተመኘ ደንቡን ከጠበቁት ከሌሎቹ ወላጆችም ጋራ ነው። ከቀድሞ ዠምሮ ሰው ሁሉ ቃል ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይል ነበር። ቃል የሚጠበቀው ራሱ ለተወለደው ልጅ ጥቅም ሲሆንማ እንዴት ይበልጥ ሊጠበቅ አይገባም? ብልኅ ወላጅ እንግዲህ የዓመቱ ትምህርት ሲዠመር የመዝጊያውን ቀን ጠይቆ ይጽፋል፤ ገንዘቡንም ለዚያ ቀን ከወር ወር ጥቂት በጥቂት ያስቀምጣል። ገንዘቡ ለሩቅ አገር ባይበቃ፥ በቅርብ ያለውን ወንዝና ተራራ ያሳያል፤ ልጅ የሚወደው የመንገዱን ርዝመት ሳይሆን ሥራውን ትቶ ቀኑን ሁሉ ከእርሱ ጋራ የሚውለውን አባት ነውና። እንዲህ ያደረገ ሰው ልጁ በመክፈቻው ቀን ከጓደኞቹ ጋራ እኩል ተቀምጦ ያየውን ሁሉ ሳያፍርና ሳይደብቅ ለአስተማሪው ሲናገር ይሰማዋል።